ዐለቱን ማን አኖረው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ፣ ስለ ቢዝቢ ከተማና ስለ ጭንቅ ቋንቋ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። የታሪክ ሰው ስለ ፈሊጥ ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ አእምሮ ሳይመላለስ አይቀርም። ገለጻዬን ስጨርስ የዚህ ጥያቄ መልስ ግልጽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ሰው በሁለት ወገን ተጨንቆ መውጫ ሲያጣ «በዐለትና በጽኑ ስፍራ መካከል ነው» ይሉታል። «ጽኑ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሲነኩት የሚጠጥረውንም ሲኖሩት የሚከብደውንም በአንድነት ይይዛል፤ እኛም ጽኑ መሠረት እንደምንል ሁሉ ጽኑ ሕመም እንላለን። በዕለት ንግግራችን ግን ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ያለን ቃል ሌላ ነው፤ ሰውየው «አጣብቂኝ ውስጥ ገባ» እንላለን። ከአንዱ መከራ ሊሸሽ ሲል ወደ ባሰው የወደቀውን ደግሞ «ከድጡ ወደ ማጡ» እንለዋለን።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የሆሜር ኦዲሴይ ጀግናው መርከበኛ በሲላና በካሪብዲስ፣ ማለትም በአውሬዋና በአዙሪቱ መካከል ሲያልፍ ይተርካል፤ አውሮፓውያንም ይህን ታሪክ ለዘመናት ምሳሌ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስለ ዐለቱና ስለ ጽኑው ስፍራ የሚናገረው ፈሊጥ ግን አሜሪካዊ ነው፤ በአንጻሩም የቅርብ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የሚያምንበት የልደት ታሪክ አለው። ዛሬ የምመረምረው ያንን የልደት ታሪክ ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ፤ ታሪኩ እንደሚነገረው ሊጸና አይችልም። ነገር ግን የማይጸናበትን ምክንያት ስንከታተል ከፈሊጡ የሚበልጥ ጉዳይ እናገኛለን። ይኸውም በታሪክ ውስጥ «ተጨንቄ ነበር» ብሎ የመናገርና የመታመን መብት የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ነው።

በገለጻው የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሚነገረው ታሪክ

በአሪዞና ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ቢዝቢ የምትባል ከተማ አለች። በ1880 በመዳብ ምክንያት የተቆረቆረች፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ በተራራ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአሜሪካ ታላላቅ የመዳብ ማውጫዎች አንዷ ነበረች። በከተማዋ የበላይ የነበረው ፌልፕስ ዶጅ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ማዕድን ማውጫው ብቻ ሳይሆን ከከተማዋ የሚወጣው የባቡር መስመርም በእጁ ነበር።

የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1917 የቢዝቢ ማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ኩባንያዎቹም ጥያቄያቸውን ከመቀበል ይልቅ በጠመንጃ አስገድደው ከከተማ አባረሯቸው። ሠራተኞቹ በአንድ በኩል ከምድር በታች የሚፈለፍሉት ዐለት፣ በሌላ በኩል ሥራ ማጣትና መሰደድ ነበረባቸው። ስለዚህ «በዐለትና በጽኑ ስፍራ መካከል» የሚለው አነጋገር ከእነርሱ ተወለደ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው። ቦታው አሪዞና ነው፤ ዘመኑ ይቀራረባል፤ ዐለቱም ዐለት ነው። ያማረ ታሪክ ግን የታሪክ ተማሪን ይበልጥ እንዲጠነቀቅ ሊያደርገው ይገባል።

ሰነዱ ምን ይላል?

የቋንቋ ተመራማሪዎች ስለዚህ ፈሊጥ በብዛት የሚጠቅሱት ቀደምት የጽሑፍ ማስረጃ በ1921 የወጣ ነው። የአሜሪካ የዘዬ ጥናት ማኅበር በየአካባቢው የሚሰሙ አነጋገሮችን በሚሰበስብበት መጽሔቱ ላይ ፈሊጡን መዝግቦታል። ምዝገባው ከጥቂት ቃላት አይበልጥም፤ ሦስት ነገሮችን ግን ያስረዳናል። አንደኛ፣ የፈሊጡ ትርጉም መክሰር መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛ፣ በቅርብ ጊዜያት በደረሱ የገንዘብ ድንጋጤዎች ወቅት በአሪዞና የተለመደ እንደነበረ ይገልጻል። ሦስተኛ፣ በካሊፎርኒያም አልፎ አልፎ እንደሚሰማ ይጠቁማል።

ይህን ምዝገባ ከሚነገረው ታሪክ ጋር እናስተያየው። መዝጋቢው ስለ አድማ አይናገርም፤ ስለ መባረርም አይናገርም። ድንጋጤዎቹን በብዙ ቁጥር ነው የጠራቸው። የቢዝቢው መባረር ግን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ በዘመኑም ማንም የገንዘብ ድንጋጤ ብሎ አልጠራውም። እንዲያውም በ1917 የመዳብ ገበያ በጦርነቱ ምክንያት እጅግ የደራ ነበር። ፈሊጡን ከአድማው ጋር የሚያገናኘው የቦታና የዘመን መቀራረብ ብቻ ነው፤ መቀራረብ ደግሞ ጥርጣሬን ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ የትኞቹ ድንጋጤዎች ናቸው? በቅድሚያ የሚታሰበው የ1907ቱ ነው። ያ የገንዘብ ቀውስ ራሱ የተጫረው በመዳብ ነበር። በጥቅምት 1907 የሃይንዝ ወንድማማቾች የዩናይትድ ኮፐር ኩባንያን አክሲዮን ጠቅልለው በመያዝ ዋጋውን ለማናር ሞከሩ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ የአክሲዮኑም ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንኮታኮተ። ከእነርሱ ጋር ግንኙነት ነበራቸው በተባሉ ባንኮች ላይ ድንጋጤ ሰፈነ። በዚያው ወር በኒው ዮርክ ኒከርቦከር የተባለው የአደራ ገንዘብ ድርጅት ደጃፍ ላይ አስቀማጮች ተሰልፈው ገንዘባቸውን ሲጠይቁ ድርጅቱ በሩን ዘጋ። ጄ. ፒ. ሞርጋን ሌሎች ባለገንዘቦችን አስተባብሮ ቀውሱን እስኪገታው ድረስ ፍርሃቱ አገር አዳረሰ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ1913 የተቋቋመው በከፊል ከዚህ ቀውስ በተገኘ ትምህርት ነው። በዚያው ዓመት የመዳብ ዋጋ ከጸደይ ወራት ከፍታው ግማሽ ያህሉን አጥቶ ነበር። በአሪዞና መዳብ ሲወድቅ የሚወድቀው ባለአክሲዮኑ ብቻ አይደለም፤ በዱቤ የሸጠው ባለሱቅ፣ ቤት ያከራየችው ሴት፣ በዱቤ የበላውም ሠራተኛ አብረው ይወድቃሉ። ከዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላም ገበያው ዳግመኛ ወደቀ፤ በ1921 ብዙ የመዳብ ማውጫዎች ለጊዜው ሥራ አቆሙ። ፈሊጡ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ ማስረጃው ወደ አድማው ሳይሆን ወደ ባዶ ኪስ ያመለክታል። የልደቱ ታሪክ በዚህ ይፈርሳል። እዚህ ላይ ብናቆም ግን ግማሽ ሥራ ብቻ የሠራን ይመስለኛል። ምክንያቱም በቢዝቢ የሆነው ነገር በራሱ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ከፈሊጡ ጋር ስናስተያየውም ፈሊጡ የሚሸፍነውን ነገር ያጋልጥልናል።

ሐምሌ 12 ቀን 1917

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በሚያዝያ 1917 ነው። ጦርነቱ መዳብ ይፈልጋል፤ ለጥይት ቀለህና ለሽቦ። የኩባንያዎቹ ትርፍ አደገ፤ የኑሮ ውድነቱም እንዲሁ። የሠራተኞቹ ደመወዝ ግን ከመዳብ ዋጋ ጋር እየተሰላ የሚወጣና የሚወርድ ነበር። በሰኔ ወር መጨረሻ ገደማ፣ በ1905 በቺካጎ የተመሠረተው «የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች» የተባለው ማኅበር በቢዝቢ ያለው ቅርንጫፍ ለኩባንያዎቹ ጥያቄዎችን አቀረበ። በአንድ የመሰርሰሪያ መኪና ላይ ሁለት ሰው እንዲመደብ፣ ሠራተኛ ከምድር በታች እያለ ድማሚት እንዳይፈነዳ፣ በማኅበር አባልነት ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ጠየቀ። ደመወዝም ከመዳብ ዋጋ ጋር መዋዠቁ ቀርቶ ከምድር በታች ለሚሠራ በቀን 6 ዶላር ቁርጥ እንዲሆን ጠየቀ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለርእሳችን ልዩ ትርጉም አለው። ሠራተኞቹ የጠየቁት፣ በሌላ አነጋገር፣ ገበያው በወደቀ ቁጥር አብረው እንዳይወድቁ ነው። ኩባንያዎቹ ጥያቄዎቹን በሙሉ አልተቀበሉም። አድማው ተጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የማዕድን ሠራተኛ ሥራ አቆመ።

የአውራጃው ሸሪፍ ሃሪ ዊለር የፌዴራል ጦር እንዲላክለት ጠየቀ። ሁኔታውን እንዲመለከት የተላከው የጦር መኮንን ግን ከተማዋ ሰላም መሆኗን ዘገበ። ጦሩ ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሸሪፉና የኩባንያ ኃላፊዎች በምስጢር መከሩ፤ 2,000 ገደማ የሚሆኑ የከተማዋ ሰዎችም ምክትል ሸሪፍ ተብለው ታጠቁ። ሐምሌ 12 ቀን ማለዳ፣ እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ አድመኞቹንና ደጋፊ ናቸው ያሏቸውን ያዙ። የያዟቸውን እየነዱ ወደ ዋረን የቤዝቦል ሜዳ ወሰዷቸው። በዚያ ማለዳ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ከታጣቂዎቹ፣ አንዱ ከሠራተኞቹ ወገን።

በሜዳው ላይ ለተያዙት ምርጫ ተሰጣቸው። አድማውን ትቶ ወደ ሥራ ለመመለስ የተስማማ ይለቀቃል፤ ያልተስማማ ባቡር ይሳፈራል። ጠመንጃ በዙሪያቸው ነበር። ጥቂት የማይባሉት ተስማሙ። 1,186 ሰዎች ግን በ23 የከብት ማጓጓዣ ፉርጎዎች ታጭቀው፣ በሐምሌ ሐሩር፣ በቂ ምግብና ውኃ ሳይኖራቸው በምድረ በዳው በኩል ተጋዙ። ባቡሩ መጀመሪያ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ወዳለችው ኮለምበስ ደረሰ፤ በዚያ የሚቀበላቸው ታጣ። ከዚያም ሄርማናስ በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ላይ ጣሏቸው። የፌዴራል ጦር ደርሶ ወደ ኮለምበስ ሰፈር መለሳቸው፤ ብዙዎቹም እስከ መስከረም ድረስ በዚያ ቆዩ። ሜክሲኮአውያንና ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ዜጎች፣ ለውትድርና የተመዘገቡ፣ ሚስትና ልጆች በቢዝቢ የቀሩባቸው ሰዎችም ነበሩባቸው። ወደ ቤታቸው እንዳይመለሱ በከተማዋ መግቢያዎች ላይ ጠባቂዎች ቆመው ነበር።

«የግድ ሆኖብን ነው»

ውድ ተማሪዎች፤ እስካሁን ያልሁትን ብዙ መጻሕፍት ይተርኩታል። ትኩረታችሁን የምፈልገው በኋላ በፍርድ ቤት ወደ ሆነው ነው።

ፕሬዝዳንት ውድሮው ዊልሰን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሚመራው ሸምጋይ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ነበር። ኮሚሽኑ በኅዳር 1917 ባወጣው ዘገባ መባረሩ ፍጹም ሕገ ወጥ እንደነበረ አስታወቀ። ሸሪፉና ሌሎች ሰዎች በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1920፣ ከአንድ ዳኛ በቀር በሙሉ ድምፅ፣ ይህን ዓይነቱን ወንጀል የመቅጣት ሥልጣን የግዛቱ እንጂ የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም ብሎ ወሰነ።

ግዛቱስ? በ1920 በቱምስቶን ከተማ ሃሪ ዉተን የተባለ የቢዝቢ ነጋዴ በሰው ጠለፋ ወንጀል ቀረበ። ችሎቱ ለሌሎቹ ክሶች ሁሉ መፈተኛ ነበር። ተከላካዮቹ ያቀረቡት መከራከሪያ የአስገዳጅ ሁኔታ ሕግ የሚባለው ነው። በአጭሩ እንዲህ ማለት ነው፤ ከተማዋ ሊደርስባት በነበረ ታላቅ አደጋ ተጨንቃ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ሌላ መውጫ አልነበራቸውም፤ ያደረጉትን ያደረጉት የግድ ሆኖባቸው ነው። ከተማዋ ሰላም እንደነበረች የጦር መኮንኑ መዘገቡን አስታውሱ። የጁሪ አባላቱ ግን መከራከሪያውን ተቀበሉ፤ ዉተን ነጻ ወጣ፤ የሌሎቹም ክስ በዚያው ቀረ። በመባረሩ ምክንያት በወንጀል የተቀጣ አንድም ሰው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በቤዝቦል ሜዳው ላይ በጠመንጃ ተከብበው ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ የተገደዱት ሠራተኞች ናቸው። በፍርድ ቤት ግን «ተጨንቀን፣ መውጫ አጥተን ነበር» ብለው የተናገሩትና የታመኑት ጠመንጃውን የያዙት ናቸው። የጭንቅ ቋንቋ በሦስት ዓመት ውስጥ ባለቤቱን ለወጠ። ለሠራተኛው የኑሮው እውነት የነበረው ነገር ለታጣቂው የሕግ መከላከያ ሆነ።

የቢዝቢ መባረር ለእኔ የሚነግረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኃይል ያለው ወገን ሁለት ነገር ይይዛል፤ ሰውን የማጨናነቅ አቅምና፣ ኋላም የተጨነቀው እኔ ነበርሁ ብሎ የመናገሪያ መድረክ። ስለዚህ በማናቸውም መዝገብ ውስጥ «ሁኔታው አስገደደን»፣ «ምርጫ አልነበረንም» የሚል ቃል ስታገኙ ቃሉን ከመቀበላችሁም ከመጣላችሁም በፊት ተናጋሪው ማን እንደ ነበር፣ በእጁም ምን እንደ ነበር ጠይቁ።

አድራጊ የሌለው ቋንቋ

አሁን ወደ ፈሊጡ ልመለስ። «በዐለትና በጽኑ ስፍራ መካከል» ስንል ሁለቱም አስጨናቂዎች የተፈጥሮ ናቸው። ዐለትን ማንም አላኖረውም፤ ስፍራም ከጥንት የነበረ ነው። በፈሊጡ ውስጥ ሸሪፍ የለም፤ ኩባንያ የለም፤ የባቡር ባለቤት የለም። ለከሰረ ባለሱቅ ይህ አነጋገር እምብዛም አይጎረብጥም፤ ኒው ዮርክ የተጀመረ ድንጋጤ አሪዞና ሲደርስ እንደ ድርቅ ወይም እንደ ጎርፍ ይመስላልና። እርሱም ቢሆን፣ እንዳየነው፣ የሰው እጅ ነበረበት፤ እጁ ግን ሩቅ ነበር። በቤዝቦል ሜዳው ላይ ግን እጁ ሩቅ አልነበረም፤ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት የጎረቤት ክንድ ነበር። ፈሊጡን ከቢዝቢ የሚያወልደው ታሪክ ሠራተኞቹን ለማክበር ታስቦ የሚነገር ይመስለኛል። ሳያውቀው ግን ያደረጉባቸውን ሰዎች ወደ ድንጋይነት ይለውጣቸዋል።

አማርኛችንም ከዚህ ነጻ አይደለም። «አጣብቂኝ ውስጥ ገባ» ስንል የግሡ ባለቤት የተጨነቀው ሰው ራሱ ነው፤ በገዛ እግሩ ሄዶ የገባ ያስመስለዋል። «አጣብቂኝ ውስጥ ከተቱት» ማለት እንችላለን፤ ሰዋስዋችን ይፈቅድልናል፤ ነገር ግን ያን የምንለው አድራጊውን ለመጥራት ስንደፍር ነው። ከራሳችን ታሪክም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውን ታላቅ ረኀብ ሕዝባችን «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ስሙ የመከራውን ጥልቀት በሁለት ቃላት ይዞ ያኖረልን ስለሆነ ልናከብረው ይገባል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ቀኑ ለምን ከፋ ብለው በመጠየቃቸው ከስሙ ጀርባ ብዙ ነገር አገኙ፤ በምፅዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባውን የከብት ደስታ በሽታ፣ የበሬ እልቂቱን፣ በሬ በማለቁም ጦሙን ያደረውን እርሻ፣ በዚያ ላይ የተደራረበውን ድርቅና አንበጣ። ስሙ ሐዘኑን ጠበቀልን፤ ምክንያቱን ግን ምርምር ነው የመለሰልን።

ከዚህ በመነሣት፣ ምሳሌያዊ ንግግርንና ቃል ግጥምን ለጥናታችሁ ምንጭ ለምታደርጉ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። መጀመሪያ፣ ይህ አነጋገር መቼና በምን ትርጉም ተመዘገበ? ዛሬ የሚሰጠው ትርጉም ያኔ ከነበረው ሊለይ ይችላል፤ የአሪዞናው «መክሰር» ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ የልደት ታሪኩን የሚደግፈው ማስረጃ ነው ወይስ መቀራረብና ውበት? ሦስተኛ፣ አነጋገሩ ማንን ያሳያል፣ ማንንስ ይሰውራል? ሁለቱ ጥያቄዎች ከስሕተት ይጠብቁናል። ሦስተኛው ግን ከዚያ ያልፋል፤ የተጨነቀ ሰው በመዝገብ ውስጥ ቦታውን የሚያገኘው በእርሱ ነው።

ቢዝቢ ራሷ ይህን ለመማር 100 ዓመት ፈጅቶባታል። በከተማዋ ስለ መባረሩ ለብዙ ዘመን በአደባባይ አይወራም ነበር። በ2017 ግን መቶኛ ዓመቱ ሲታሰብ ነዋሪዎቹ ድርጊቱን በዚያው በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ደግመው ተወኑት፤ ሮበርት ግሪን የተባለው የፊልም ባለሙያም በዘጋቢ ፊልም አስቀረው። ከተዋንያኑ አንዳንዶቹ የተባረሩት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የአባራሪዎቹ ዘሮች ነበሩ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ወንድም ወንድሙን አስሮ ያስወጣበት ታሪክም ነበር፤ ዘሮቹ የሁለቱን ወንድማማቾች ቦታ ይዘው ተወኑት። በዚያ ቀን በቢዝቢ ጎዳና ላይ የታየው ዐለት አልነበረም፤ ፊትና ስም ያለው ሰው ነበር።